ልጅ ለማን ይሰጥ? ጋብቻ ሲፈርስ የልጆች አስተዳደግ በኢትዮጵያ ሕግ

ጋብቻ በፈረሰ ጊዜ ንብረት ተቆጥሮ ይከፈላል፤ ልጅ ግን እንደ ንብረት ሊከፈል አይችልም። ስለዚህም በባልና ሚስት ክርክር ውስጥ ለዳኛ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቶበታል።

የመጀመሪያው በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 681 የልጆች አጠባበቅና አኗኗር የልጆቹ ጥቅም ብቻ ታይቶ እንዲወሰን ያዛል። ወዲያውም፣ ሌላ ለመወሰን የሚያስገድድ ብርቱ ምክንያት ካልኖረ በቀር፣ ልጆች አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ለእናታቸው እንዲሰጡ ይደነግጋል። ፍቺውንና ውጤቱን የሚያዩትም በመጀመሪያ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ነበሩ። በዚህ አሠራር የዕድሜው ወሰን ለመቁጠር ቀላል፣ የልጁ ጥቅም ግን ለመመዘን አስቸጋሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ታላላቅ ሰነዶች መጡ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጸደቀች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉም ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ደነገገ።

ሁለተኛው መልስ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ ሕግ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የአምስት ዓመቱንም ወሰን ተወው። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። ውሳኔው የልጆቹን ትምህርት፣ ጤንነትና ቀለብ፣ ከዚህም ጋር ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን መብት መያዝ አለበት። ሁኔታዎች ሲለወጡም ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ይችላል።

ይህ አስተሳሰብ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. አሳየ። ክርክሩ በተፋቱ ወላጆች ሳይሆን ልጁን ባሳደገች አክስትና በአባቱ መካከል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ወስነውለት ነበር፤ ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና ስምምነቱን ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ከአባትነት መብት እንደሚቀድም አስረድቶ ውሳኔውን ሻረ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የችሎቱ የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ስለነበር፣ ፍርዱ ከአንድ ቤተሰብ ጉዳይ አልፎ ሄዷል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ይኸው ነው፦ መጠያየቅ ለወላጅ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የልጁም መብት ነው። ስለዚህ አባት ቀለብ ባይከፍል በአፈጻጸም ይጠየቃል እንጂ፣ የልጁ የመገናኛ ቀን ለዕዳው መያዣ ሊሆን አይገባም። እናትም በቂም ተነሣስታ ልጁን ብትከለክል፣ የምትጎዳው ባሏን ብቻ አይደለም። ፍርዱ «ልጁን ይጠይቅ» ብሎ በደፈናው ካለፈ ጠቡን ከችሎት ወደ ደጃፍ ያሻግረዋል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመገናኛውን ቦታ ለይቶ ከተናገረ ግን፣ ልጁ ሁለቱንም ወላጆቹን ሳያጣ ያድጋል።