ማኅተሙና «እሺ»ው

ካሜራ ይዘን አንዲት ትንሽ ከተማ ስንሄድ የወረዳው ደብዳቤ በእጃችን ነበር። የቀበሌው ሰውዬ ማኅተሙን አገላብጠው አዩና «መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ» አሉን። ተናደድን።

ኋላ ላይ ግን የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ትዝ አለን። ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት፣ በሁለት ሳምንት ነው። የጭሰኛውን ቤተሰብ ሆነው የቀረቡት የሙያ ተዋንያን አልነበሩም። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ እነሱ ካሜራ ፊት ሲቆሙ ባለመሬቱ ገና ባለመሬት ነበር ማለት ነው። ይህን የመሰለ «እሺ» የትኛው ማኅተም ያስገኛል?

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድን። «ጉዳችንን ነው ደጋችንን የምታሳዩት?» ብለው ጠየቁን። በረካው እስኪቀዳ ድረስ መልስ አላገኘንለትም።