የስፔሻሊስት መቀመጫ በሐረር

በጀጎል ውስጥ ወደ አንድ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀይ አፈር በተቀባው ወለልና ደረጃ በደረጃ በተሠሩት መደቦች ላይ ነው። ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። አሚር ነደባ ለአባወራውና ለተከበረ እንግዳ ነው፤ ግዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ጢት ነደባ አነስ ያለው፤ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ከሰው ዓይን ገለል ያለ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ሰው የት ልቀመጥ ብሎ አይጠይቅም። ዕድሜው፣ ዕውቀቱና ከቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ቦታውን አስቀድመው መድበውለታል።

በዚያው ከተማ የሐኪምነት፣ በተለይም የስፔሻሊስትነት መቀመጫ የሚታደልበት መንገድ ግን እንዲህ የረጋ ሆኖ አያውቅም። በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከመስፍን ወደ ንጉሥ፣ ከንጉሥ ወደ ዕጣ፣ ከዕጣ ወደ ፈተና ሲሸጋገር ኖሯል። ያልተቀየረ ነገር ቢኖር መቀመጫው ዕዳ ያለበት መሆኑ ነው፤ የተማረ ሰው የሆነ ቦታ ሄዶ ማገልገል አለበት።

ሐረር በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ገዢዋ ራስ መኰንን ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ራስ መኰንን በከተማዋ ሆስፒታል ሲያቋቁሙ ኃላፊነቱን የያዘው ከጓዴሎፕ ደሴት የመጣው የፈረንሳይ ዜጋ ዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ነው። የካፑቺን ሚሲዮናውያንም በ1901 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ከፈቱ። ቪታሊየን በሽተኛ ከማከም አልፎ የራስ መኰንንን ልጅ ተፈሪን ፈረንሳይኛ አስተምሯል፤ በኋላ የምኒልክ ሐኪም ሆኖ እስከ ባቡር መስመር ኮንሴሽን ድረስ በስሙ ተሰጥቶታል። የሐኪም ወንበር ያን ጊዜ በገዢው መልካም ፈቃድ የሚገኝ ነበር፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም የውጭ ሰው ነው። የአገሬው ልጅ ሐኪም ልሁን ቢል የሚወዳደርበት መቀመጫ በአገሩ አልነበረም።

መላኩ በያን የዚያን ዘመን አሠራር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የተወለደው ወሎ ነው፤ ያደገው ግን ሐረር፣ በራስ መኰንን ግቢ ከተፈሪ ጎን። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ወደ ሕንድ ላኩት፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኦሃዮ ኮሌጆች ከተማረ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1935 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ለዚህ ዕድል አላመለከተም፤ ከማንም ጋርም አልተወዳደረም። ግቢው መረጠው፣ ግቢው ከፈለለት። ዕዳውም ሳይውል ሳያድር ተጠየቀ፤ በተመረቀበት ዓመት ጣልያን ወረራ ጀመረ፣ መላኩም ወደ አገሩ ተመልሶ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ ሲያክም ነበር። ውል ያልፈረመበት ዕዳ መሆኑ ነው።

ወንበሩ ወደ አገር ቤት የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ስፔሻላይዝ ማድረግ የፈለገ ግን አሁንም ስኮላርሺፕ ፍለጋ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከሄዱት ውስጥም በዚያው የቀሩ ጥቂት አልነበሩም። የሬዚደንሲ ሥልጠና በአገር ውስጥ የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ቦታው ጥቁር አንበሳ። ይህ ሆስፒታል ሲታቀድ የሐረር መስፍን ይባሉ በነበሩት፣ በ1957 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ በሞቱት በልዑል መኰንን መታሰቢያነት ነበር። ለሆስፒታሉ የታሰበው፣ የሐረርን ማዕረግ የያዘው ስም በደርግ ዘመን ቀረ፤ ሐረር ራሷ ስፔሻሊስት ለማሠልጠን ደግሞ ገና ረጅም ዓመታት ይቀሯት ነበር።

በዚህ መሐል የአዲስ ሐኪሞችን ዕጣ ፈንታ የሚወስነው ቃል በቃል ዕጣ ሆነ። ተመራቂዎች ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይሰበሰባሉ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣሉ፣ ክልላቸው ይነበባል። አንዱ ኑሮው የተመቻቸ ከተማ ሲደርሰው ይፈነድቃል፤ አጠገቡ የቆመው የክፍል ጓደኛው መንገድ የሌለው ወረዳ ይደርሰውና ዝም ይላል። ዕጣ ባለሥልጣን ዘመድ ያለውንና የሌለውን አይለይም፤ ለዚህም ነው ብዙዎች እያማረሩም ቢሆን የተቀበሉት። ከዕጣው በኋላ የሚጠብቀው የአገልግሎት ዘመን ነበር። ስፔሻሊቲ መማር የሚቻለው እሱን ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ሩቅና አስቸጋሪ ቦታ የሠራ በአጭር ጊዜ ይለቀቃል፣ አዲስ አበባ የቀረ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ መንግሥት በገንዘብ ሊከፍለው ያልቻለውን የበረሃ አበል በትምህርት ዕድል ከፈለ።

ሐረር በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ሥልጠና ቦታ የገባችው ዘግይታ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ዓለማያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀመረ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስሙ ሐረማያ ተባለ። የጤና ትምህርቱን ሐረር ከተማ ላይ የጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ማስተማሪያው ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በቀዶ ሕክምና፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በውስጥ ደዌና በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ያሠለጥናል። ዛሬ ጠዋት በሕይወት ፋና የሚደረገውን የዋርድ ዙር የተመለከተ ሰው ትምህርቱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሲኒየሩ ከፊት፣ ሬዚደንቱ የሌሊቱን በሽተኛ ታሪክ እየዘረዘረ፣ ኢንተርኑ ቻርት ተሸክሞ ከኋላ፤ በአልጋው ላይ ያለችው ደግሞ ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ወይም ከሶማሌ ክልል ሪፈር ተጽፎላት የመጣች እናት።

መቀመጫው በበዛበት ዘመን ሽሚያው ይብሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? መንግሥት የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል የሕክምና ትምህርት ቤቶችን አበዛ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ተመራቂው ጎረፈ፤ በጀቱ ግን አብሮት አላደገም። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ሰልፍ ወጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ፊት ለፊት እስከ መነጋገር ደረሱ። ትናንት ዕጣውን የሚፈራ ጠቅላላ ሐኪም ዛሬ ቅጥር ፍለጋ ይንከራተታል፤ ስፔሻሊቲም ከሙያ እድገትነቱ ይልቅ የሥራ ዋስትና ሆነ።

አሁን መቀመጫው የሚታደለው በአገር አቀፍ የሬዚደንሲ ፈተናና በምደባ ነው። ተፈታኙ የሚፈልገውን የትምህርት ክፍልና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ውጤቱ ከምርጫው ጋር ተገናዝቦ ይመደባል። ከዚያ በተጨማሪ ስፖንሰር ማን ነው የሚለው ጥያቄ አለ፤ ክልል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሚኒስቴሩ? የስፖንሰሩ ማንነት ተምሮ የሚመለስበትን ቦታ ይወስናል።

ይህ ዓይነቱ ምደባ ሌላ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ጎበዝ ተማሪ ለመሻማት ሲሉ ከመመረቁ ዓመታት ቀድመው ቃል ማስገባት ጀምረው ነበር፤ መላው ሲጠፋ በ1952 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወገን ምርጫውን የሚያስገባበት ማዕከላዊ ማዛመጃ ተጀመረ። የሒሳቡን ምሥጢር በ1962 እ.ኤ.አ. ጌልና ሻፕሊ በጽሑፍ አስቀመጡት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ሻፕሊና አልቪን ሮት የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሕንድ በበኩሏ በየክልሉ መንግሥታዊ ኮሌጆች ካሉት የድኅረ ምረቃ መቀመጫዎች ግማሹን ለመላ አገሪቱ ተወዳዳሪ ትለይና በዙር በዙር ታድላለች።

ፈተናው ከግቢ ምርጫም ከዕጣም የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዕጣው ያደርገው የነበረውን አንድ ነገር ፈተና አያደርገውም። መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ያዋለደ ሐኪም እና ከተማ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነበበ ሐኪም ፈተናው ፊት እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ለሁለተኛው ይቀላል። የበረሃው አገልግሎት የሚቆጠርበት መንገድ ካልተበጀ ወደዚያ የሚሄደው አማራጭ ያጣ ብቻ ይሆናል።

ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሐረሪ ክልል በአገሪቱ ከትንንሾቹ አንዱ ነው፤ ስፖንሰር የሚያደርገውም በራሱ አቅምና በራሱ ሆስፒታሎች ልክ ነው። ጀጎል ሆስፒታልና ሕይወት ፋና በር ላይ የሚሰለፈው በሽተኛ ግን በአብዛኛው ከክልሉ ወሰን ውጭ የመጣ ነው። የአንድ ማህፀን ሐኪም መቀመጫ በክልል ሲሰላ፣ በሌሊት ከጋራ ሙለታ በአምቡላንስ የምትመጣዋ ወላድ በየትኛው ኮታ ውስጥ እንደምትገባ የሚነግር መስመር በምደባ ቅጹ ላይ የለም።