«ማጥቃት» እና «መከላከል» በሮቦቶች የቡድን ውድድር፤ የሁለት ቃላት ታሪክና የስያሜ ችግር

አንድ ቃል ከአንድ መስክ ወደ ሌላ መስክ ሲሸጋገር ትርጉሙን ይዞ መሄዱን ወይም በመንገድ መጣሉን መመርመር የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ማጥቃት» እና «መከላከል» የተባሉትን ቃላት ነው። ሁለቱም ከጦር ሜዳ ወደ እግር ኳስ ሜዳ ተሻግረው ከተደላደሉ ቆይተዋል። ጥያቄያችን ከዚያ አልፈው ወደ ሮቦቶች የቡድን ውድድር ቢሻገሩ ያገለግላሉ ወይስ አያገለግሉም የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የቃላቱን መሠረት እንመልከት። «ጥቃት» በአማርኛ በጠላት ላይ መዝመትን ብቻ አያመለክትም፤ መበደልንና ክብር መድፈርንም ይጨምራል። «ተጠቃሁ» የሚል ሰው የሚናገረው መሸነፉን ብቻ ሳይሆን መበደሉንም ነው። «ተከላከለ» ደግሞ «ከለከለ» ከሚለው ግስ የተገኘ ሆኖ፣ የራስ የሆነው ነገር እንዳይነካ ማድረግን ይገልጻል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተሰጣቸው ማዕርግ የጦር ሚኒስትርነት ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ግን የመሥሪያ ቤቱ መጠሪያ «አገር መከላከያ» ሆነ። «ጦር» መሣሪያውንና ሠራዊቱን ሲጠራ፣ «መከላከያ» የሚጠበቀውን አገር ያስታውሳል። እንግዲህ የሚከላከል ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ሊኖረው ግድ ነው። እግር ኳስ ይህን ትርጉም ሳያፈርስ ተቀብሎታል፤ ተከላካዩ የሚጠብቀው፣ አጥቂውም የሚያነጣጥርበት ግብ አለና።

ሮቦካፕ የተባለው የሮቦቶች እግር ኳስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1997 በጃፓን ናጎያ ከተማ ነው። መሥራቾቹ የያዙት ዓላማ እስከ 2050 ድረስ የሰው መልክ ያላቸው ሮቦቶች የሰዎችን የዓለም ዋንጫ ባለድል ቡድን እንዲያሸንፉ ማድረግ ነው። በዚህ መስክ አጥቂ፣ ተከላካይና በረኛ የሚሉት ስሞች ያለ ችግር ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ አንድ ማሻሻያ ያስፈልጋል። ፒተር ስቶንና ማኑኤላ ቬሎሶ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት ቡድን ውስጥ አጥቂነትና ተከላካይነት የአንድ ተጫዋች ቋሚ መጠሪያዎች አልነበሩም። ተጫዋቾቹ በጨዋታው መካከል ቦታቸውን ይለዋወጡ ነበር፤ መልእክት የመለዋወጥ ዕድላቸው ጠባብ ስለ ነበረም ስልታቸውን የሚወስኑት ከጨዋታው በፊት በሚደረግ ስምምነት ነበር። ይህ ቡድን በ1999 በኮምፒውተር በሚካሄደው ምድብ 110 ግብ አስቆጥሮ አንድም ሳይገባበት አሸንፏል። ስለዚህ ተርጓሚው «ተከላካይ ሮቦት» ከማለት ይልቅ «የተከላካይነት ሚና» ቢል ከነገሩ ጋር ይስማማል።

ዋናው ችግር የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው። ዲን ኬመን በ1989 በአሜሪካ ፈርስት የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ዉዲ ፍላወርስም ውድድሩን በመቅረጽ ረዳው። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሺር ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በ28 ቡድኖች መካከል ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ቡድን የሚወዳደረው ለራሱ ብቻ ነበር። በ1999 ግን ሁለት ሁለት ቡድኖች በኅብረት ሆነው ከሌሎች ሁለት ጋር እንዲጋጠሙ ተደረገ፤ ከ2005 ጀምሮም በየኅብረቱ ያሉት ሦስት ሦስት ሆኑ። ከኅብረቱ ጋር የሥራ ክፍፍል መጣ፤ አንዱ ነጥብ ሲሰበስብ ሌላው ተጋጣሚውን ማወክ ቻለ።

የእንግሊዝኛው አነጋገር የመጀመሪያውን ሥራ በማጥቃት፣ ሁለተኛውን በመከላከል ቃል ይጠራል። ነገሩ በአማርኛ ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው። «አጥቂ» የተባለው ሮቦት ኳሱን ወይም ዕቃውን በተመደበለት ቦታ ያስቀምጣል እንጂ ማንንም አይነካም። «ተከላካይ» የተባለው ደግሞ የሚጠብቀው ግብ ሳይኖረው ወደ ተጋጣሚው ሄዶ መንገድ ይዘጋል፣ ይገፋል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን አይቶ «ማን ማንን አጠቃ?» ቢባል በተከላካዩ ላይ ይፈርዳል። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ደንቡን በአማርኛ የሚያነብ ተማሪ «ማጥቃት» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ሌላውን ሮቦት መምታት የተፈቀደ ሊመስለው ይችላል፤ ሮቦትን ሆን ብሎ መጉዳት ግን ቅጣት ያስከትላል።

የውድድሩ ታሪክ ሌላም ማስረጃ ይሰጠናል። በ2001 ጨዋታ አራት ቡድኖች ያለ ተጋጣሚ በአንድነት ነጥብ ይሰበስቡ ስለ ነበር የሚከላከሉት ሰው አልነበረም። በ2002 ባለድል ከሆኑት ቡድኖች አንዱ፣ ከኢንዲያና ግዛት የሃመንድ ከተማ የመጣው፣ ተንቀሳቃሾቹን ግቦች ጨብጦ ምንጣፉን በሚቧጥጡ የብረት እግሮች በዝግታ የሚራመድ፣ ተገፍቶም የማይነቃነቅ ሮቦት አቀረበ። ይህ ሥራ ነጥብ ማስቆጠርም ነበር፣ ሌላውን መንሣትም ነበር። በ2015 ሁለቱ ኅብረቶች በሜዳው ግራና ቀኝ ተለያይተው ሳለ፣ በመካከል የተቀመጡትን የጋራ መያዣዎች ቀድሞ መንጠቅ ወሳኝ ሆነ። በ2016 ደግሞ ጨዋታው በምሽግ አምሳል ተሠርቶ፣ ሮቦቶች የሚሻገሩት ጉድብና ተንሸራታች በር በእንግሊዝኛው በዚያው በመከላከያ ቃል ተጠሩ። በአንድ የደንብ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል ሥራንም ዕቃንም ሰየመ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን። በሮቦቶች እግር ኳስ የተለመዱት ቃላት ይቆዩ። በኅብረት ውድድር ግን የመጀመሪያው ሥራ «ማስቆጠር»፣ ሠሪውም «አስቆጣሪ» ይባል፤ ግብ አስቆጣሪ የሚለው አነጋገር ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ለሁለተኛው ሥራ ሦስት ቃላት መዝነናል። «ማሰናከል» ተንኰልን ያሰማል። «ማገድ» በስፖርት ቋንቋ በቅጣት ከጨዋታ ማግለል ማለት ስለሆነ ግራ ያጋባል። «መግታት» ግን በደልን ሳያሰማ ሂደትን ማስቆምን ይገልጻል፤ ስለዚህ «መግታት» እና «ገቺ» የሚሉትን መርጠናል። በሜዳው ላይ ለሚሻገሩት ነገሮች በ3000 ሜትር ሩጫ የታወቀው «መሰናክል» ይበቃል።

በ2012 ጨዋታ ተጋጣሚ ሮቦቶች በአንድ ድልድይ ላይ አብረው ሚዛን ሲጠብቁ ለሁለቱም ወገን ለደረጃ የሚቆጠር ነጥብ ይሰጥ ነበር። ይህን የመሰለ ውድድር በጦር ሜዳ ቃላት ብቻ የሚተረጉም ሰው ተጋጣሚን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ተርጓሚው አስቀድሞ ሥራውን ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ያውጣ።