የተማሪ ምሳ ዕቃ

የተማሪ ምሳ ዕቃ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት ምግብ እና ምግቡ የሚያዝበት ዕቃ የጋራ ስም ነው። በንግግር «ምሳቃ» ተብሎ ያጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ቤት ውስጥ ይዘጋጅና በዕረፍት ሰዓት ወይም ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ይበላል። ይህ መጣጥፍ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ላይ ያተኩራል፤ ልማዱ ግን የመላው ከተማ ነው።

ስያሜና አመጣጥ

ምሳው በላስቲክም ሆነ በብረት ዕቃ ቢያዝ የሚነገርለት ግስ «መቋጠር» ነው። ልጅ እናቱን «ዛሬ ምን ቋጠርሽልኝ?» ይላል። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ የሚታሰር ነገር ስለሌለ፣ ግሱ ምግብ በጨርቅ ጫፍ ተቋጥሮ ይጓዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ይመስላል። ስንቅም በዚሁ ግስ ይቋጠራል።

«ስንቅ» ከ«ምሳ ዕቃ» በብዙ የሚቀድም ቃል ነው። መንገደኛና ዘማች ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ይሰንቅ ነበር፤ ሦስቱም ደረቅ፣ ለመሸከም ቀላልና ለቀናት የማይበላሹ ናቸው። እንጀራ በወጥ መያዝ ሲያስፈልግ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰው አገልግል አለ። ለተማሪ የቀደመው መያዣ ግን የቤተ ክህነት ተማሪ የሚሸከመው አኮፋዳ ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ተማሪ ስም ራሱ «የቆሎ ተማሪ» ነው፤ ስያሜው ከሚበላው ቆሎ እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። ይሁን እንጂ አኮፋዳና ምሳ ዕቃ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያያሉ፦ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ከየደጁ ይሰበስባል፤ ምሳ ዕቃ ደግሞ ከአንድ ቤት ለአንድ ልጅ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን የሌላው ቀጥተኛ ወራሽ ማድረግ ያስቸግራል። የመንደር ጎረቤት ሁሉ የሚመግበው ተማሪና እናቱ የምትቋጥርለት ተማሪ የሁለት ዓይነት ማኅበራዊ ኑሮ ልጆች ናቸው።

ተደራራቢው የብረት ምሳ ዕቃ በቅርጹ ዳባ ከተባለው የሕንድ ምሳ ዕቃ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሕንዳውያን ነጋዴዎችና መምህራን በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ ቢሆንም መመሳሰል ብቻውን የምንጭ ማስረጃ አይሆንም።

ይዘት

ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች በካሮትና ጨጨብሳ የተለመዱ ናቸው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት የጾም ሕግ ከ7 ዓመት ጀምሮ ስለሚጠበቅ፣ ረቡዕና ዓርብ እንቁላል በሽሮ ወይም በምስር ይተካል፤ ይህም የጥራጥሬ ድርሻውን ከፍ ያደርገዋል።

ፍርፍር ከሁሉ የሚበልጥ ስፍራ ይገባዋል። እንጀራ በመቦካቱ ኮምጣጣ ስለሆነ ከሩዝ ይልቅ ለሰዓታት መቆየትን ይችላል፤ መቦካቱም ሰውነት ብረትን እንዳይወስድ የሚከለክለውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንጀራው በልጅ ጉርሻ ልክ ይቆራረሳል፣ ቁሌቱ ያንሳል፣ ከምድጃ ሲወርድ ደግሞ ክዳኑ ወዲያው አይገጠምም። ትኩሱ ከተከደነ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና እስከ 6 ሰዓት ፍርፍሩ ይላቁጣል። ልጁ ሳይነካው የሚመልሰው ምሳ ብዙ ጊዜ ይኸው የላቆጠው ነው፤ ጥፋቱ የምግቡ ሳይሆን የክዳኑ ነው።

ለመክሰስ ከቆሎ የሚሻል ነገር ማግኘት ይከብዳል። የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከኦቾሎኒ ጋር ሲደባለቅ እህሉ የሚያንሰውን ፕሮቲን ጥራጥሬው ይሞላለታል፤ አይበላሽም፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ለጓደኛም በእፍኝ ይታደላል። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤት ደጃፍ የሚሸጡት ችብስ፣ ቦንቦሊኖና ጀላቲ የሚያሸንፉት በቀለማቸውና በጣዕማቸው ስለሆነ፣ የቤቱም ምግብ ለዓይን ቢያምር ተገቢ ነው፦ በቀይ ስር የቀላ ድንች፣ ተጠቅልሎ እንደ ቀለበት የተቆራረጠ እንጀራ፣ ሳይላጥ የሚያዝ ሙዝ።

በአቃቂ ቃሊቲ

ክፍለ ከተማው የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ዱቄት፣ ፓስታና ብስኩት የሚያመርተው ቃሊቲ ምግብ አክሲዮን ማኅበር ስሙን ከዚሁ አካባቢ አግኝቷል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ይለማል። በዚህ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ እንደሚሰበስብ የጠቆሙም አሉ። ማጠብ አፈርንና ጀርምን ይቀንሳል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያወጣም። ስለዚህ ለልጅ የሚቋጠር ቅጠል ከየት እንደመጣ ሻጯን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

የከተማው ምገባ

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት የቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ፤ መነሻው ወደ 300 ሺህ ተማሪ ነበር፤ ኋላ ከ700 ሺህ አልፏል። ለምግብ ሥራው የተቀጠሩት በብዛት እናቶች ናቸው። መርሐ ግብሩ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚላን የከተማ ምግብ ፖሊሲ ስምምነት ሽልማትን ለከተማዋ አስገኝቷል። በምገባው የተነሳ ምሳ ዕቃ ዛሬ በይበልጥ የሚታየው በግል ትምህርት ቤትና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እጅ ነው።

መጠጥ

ውሃ ይበቃል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት ንጥረ ነገርን ስለሚያስቀር፣ በእሱ ፋንታ ብርቱካን መያዝ ይመረጣል።

ጥንቃቄ

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ጠዋት 1 ሰዓት የተቋጠረ ምሳ 6 ሰዓት ሲበላ 5 ሰዓት ይሞላዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ያደረ ሩዝ ለዚህ ቆይታ አይመቹም፤ ሙቀት የሚይዝ ዕቃ ከሌለ ደረቅ ደረቁ ይቋጠር። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ኦቾሎኒና ጠንካራ ቆሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፤ ለእነሱ ኦቾሎኒው ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ይቀባል፣ ገብሱም በሶ ሆኖ ይሰጣል።