ለሪፒተር ሁለተኛ ጆሮ

ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ ተሰማ በመተማ አካባቢ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲያመሩ ከጓዛቸው አንዱ ሬዲዮ ነበር። የአርበኞቹን ወሬ ለካርቱም የሚያደርሱት በእሱ ነው። እኛ የ5 ኪሎ ልጆች ይህን ስንሰማ ጀግንነቱን ትተን «በየትኛው ሞገድ?» እንላለን፤ በሽታችን ነው። በአጭር ሞገድ ነው፤ ሰማይ ነክቶ የሚመለሰው፣ ተራራ የማይገደው።

የእጅ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ግን ተራራ ይገደዋል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ፣ የጭልጋዋ አይከል ከ2,000 በላይ ናት፤ በመካከላቸው በቀጥታ 110 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። አይከል ላይ ሪፒተር ቢሰቀል በስሌት መተማ አድማሱ ውስጥ ትገባለች። የመካከሉ ሸንተረር ምን እንደሚል ሄዶ መለካት ነው።

ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን እዚያው በሌላ የሚያስተጋባ ማሽን ነው። አጠገቡ ሰው የለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። አንዴ ከጓደኞቼ ጋር ለሙከራ የሰቀልነውን እኔው አፈንኩት። ጣሪያው ሥር የረሳሁት ቦርሳ ውስጥ የእጅ ሬዲዮዬ ቁልፉ ተጭኖ ቀረ፤ ሪፒተሩም ዝምታዬን ለሰዓታት አስተጋባ። የማጥፊያ ኮድ ብንልክም በዚያው መግቢያ ስለነበር አልሰማንም፤ በኤፍኤም ጠንካራው ሲግናል ደካማውን ይውጠዋል። በመሰላል ወጥተን ሶኬቱን ነቀልን። አይከል ቢሆንስ? እኛ ገንዳ ውኃ ሆነን፣ መንገዱም ተዘግቶ?

መድኃኒቱ ለተቆጣጣሪው ብቻ የሚሰማ ሁለተኛ ሪሲቨር ነው። ፍሪኩዌንሲው ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዩኤችኤፍ። የስልክ ቁጥር ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይደርሰዋል፤ ኮዱ ከገጠመ አስተላላፊውን ይዘጋል። እሱም ቢበላሽ ብሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚቆርጥ ሰዓት ቆጣሪ ይጨመራል። አሜሪካኖች በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ የቁጥጥሩ መስመር ከ220 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ ወደ ላይ እንዲሆን አዘዋል።

በእኛ አገር አማተር ሬዲዮ በደርግ ዘመን ጸጥ ብሎ ኖሯል። ባለቤቱ ሊያጠፋው የማይችል አስተላላፊ፣ ያውም ጠረፍ ላይ፣ መንግሥትን ቢያሰጋ አልፈርድም። ግን በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገባውን ሕዝብ አስቡት።

የኢቲ3ኤኤ ተማሪዎች ሪፒተር ለመስቀል ካመለከቱ፣ ከአንቴናው ቁመት በፊት ማን፣ ከየት፣ በምን እንደሚያጠፋው ይጻፉ። ሁለተኛውን ሪሲቨር እኔ እገዛለሁ።