ቁልቁለትና የፖሊስ ሹፌር

ጋይንት መንኮራኩር ካየ ቆይቷል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ ያለፉት በዚሁ አገር ነው። ራሳቸው ሳይቀሩ ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገዱን ጠረጉት። ሽቅቡን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር ጎተተ፤ ቁልቁሉን ደግሞ ወደ ኋላ ያዘ። ከባዱ ቁልቁሉ ነበር፤ የዛሬም ሹፌር ይህን አይስተውም።

ለመኪና የሚሆነውን የወረታ-ወልድያ መንገድ ቻይናዎች የሠሩት በደርግ ዘመን ነው። ነፋስ መውጫ መንገዱ ላይ ተቀመጠች፤ ስማዳና እስቴ ግን ከዋናው መስመር ወጣ ብለው ቀሩ።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 600/2000 መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ ማሠልጠኛ ተቋም ይግባ አለ። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ተካው። ደንብ ቁጥር 208/2003 ደግሞ ለአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎች፣ ለፖሊስ መኪና ጭምር፣ ቅድሚያ ሰጠ። ታዲያ መደበኛው ሥልጠና ሳይረን እያስጮሁ፣ በገበያ ቀን አህያና በግ በሞላበት ቁልቁለት መውረድን ያስተምራል? ሰውስ ጥግ ይይዛል፤ አህያዋ ምን ታውቃለች? ለእኔ የፖሊስ ሹፌር ፈተና አደባባይ ላይ ብቻ ሳይሆን ጨጨሆ ላይም መሰጠት አለበት፤ ያውም በክረምት።