የወለቃ የሸክላ ምስሎችና ሰብሳቢዎቻቸው

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ስሟ በውጭ አገር ሰብሳቢዎችና ሙዚየሞች ዘንድ የታወቀው የቤተ እስራኤል ሴቶች በሠሯቸው፣ በመዳፍ በሚያዙ የሸክላ ምስሎች ነው።

ሴቶቹ ወደ ጭቃ የገቡት ወደው ብቻ አይደለም። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በመካከለኛው ዘመን የርስት መብቱን እያጣ ሲሄድ ኑሮውን በእጅ ሙያ ላይ ጣለ። ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ ሆኑ፤ ነገሥታቱ በጎንደር ግንብ ማስገንባት ሲጀምሩ ደግሞ በግንበኝነት ተሰማሩ። ሴቶቹ እንስራ፣ ጋን፣ ድስትና ጀበና ሠሩ። ሙያው እንጀራ እንጂ ክብር አላመጣም። ጎረቤቱ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናት» እያለ ይሸሻታል፤ በገበያ ቀን ግን ያንኑ የእጇን ሥራ መርጦ፣ ተከራክሮ ይገዛል።

ምስሎቹ ገበያ ያገኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጎንደርን የሚጎበኝ የውጭ ሰው እየበዛ ሲመጣ ነው። እንስራ በሻንጣ አይገባም፤ ትንሽ ምስል ግን ይገባል። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ ይሠሩ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ባንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሚታዩበት ነው፤ የክብረ ነገሥቱን ታላቅ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ የከተቱት ሴቶች ቀልድ አዋቂ ነበሩ። አሠራሩ የእንስራው ነው። ጭቃው ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። እሳቱ አነስተኛ ስለሆነ ምስሉ በቀላሉ ይሰበራል። አንገቱ ወይም እጁ ያልተቀጠለ አሮጌ ምስል ማግኘት የሚከብደውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ ሌላ ዓይነት የሸክላ ገበያ ተፈጥሮ ነበር። ፓብሎ ፒካሶ በ1946 እ.ኤ.አ. በቫሎሪስ ከተማ ከማዱራ ሸክላ ቤት ባለቤቶች፣ ከሱዛንና ከዦርዥ ራምዬ ጋር ተዋወቀ። ከ1947 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. በቁጥር ተወስነው የተባዙ 633 ዓይነት ሥራዎች ወጡ። ፒካሶ ናሙናውን ይሠራል፤ የማዱራ ሠራተኞች እንደየሥራው ከ25 እስከ 500 ቅጂ ያወጣሉ። ብዙዎቹ ከሥራቸው ማኅተም አለባቸው፤ ቁጥር የተጻፈባቸውም አሉ። ሰብሳቢው ሳህኑን ገልብጦ የሚያየው ይህንኑ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ የማዱራን ክምችት በለንደን ለጨረታ ሲያቀርብ ሽያጩ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሷል።

የወለቃ ምስል ማኅተምም ቁጥርም የለውም። ሁለት ምስሎች ፍጹም አንድ አይሆኑም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ ብቸኛ ነው። የቅጂውን ቁጥር የወሰነው ባለሸክላ ቤት ሳይሆን ስደት ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በሚባለው ጉዞ 8 ሺህ ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። ወለቃም ያለ ነባር ሸክላ ሠሪዎቿ ቀረች። እስራኤል ገብተው ሙያውን የቀጠሉ አሉ፤ ሥራው ግን እዚያ ሌላ አፈርና ሌላ ምድጃ አገኘ።

በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶች ምስሎቹን መሥራት አላቋረጡም። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም ችግረኛ ሴቶችን ሸክላና ሽመና ያስተምራል። መንገድ ዳር የዳዊት ኮከብ ያለበት ምስል ዛሬም ይሸጣል፣ ሠሪዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ናት። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን «ማስመሰያ» ይለዋል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሥራው በእጅ የተሠራ፣ አፈሩም የዚያው አገር ነው። ጥፋት የሚሆነው ሻጭ አዲሱን «ከ1977 በፊት የተሠራ» ብሎ ሲሸጥ ነው።

ትልቁ ጉድለት የስም ነው። በነቀምት የተወለደውና በአሜሪካ አልፍሬድ ዩኒቨርሲቲ የሴራሚክስ ጥበብ የተማረው ማሞ ተሰማ፣ በኋላም የብሔራዊ ሙዚየም መሥራች ኃላፊ፣ በስሙ ይታወቃል። የወለቃ ሴቶች ሥራ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚጻፍለት ብዙ ጊዜ የማኅበረሰቡና የቦታው ስም ብቻ ነው። ፒካሶ ያልነካው ቅጂ በፒካሶ ስም ሲሸጥ፣ ሴቲቱ ከጭቃ እስከ እሳት ብቻዋን የሠራችው ስም የለሽ ሆነ። ዛሬ ከወለቃ ምስል የሚገዛ ሰው የሠሪዋን ስም ይጠይቅ፣ ከተገዛበት ዓመተ ምህረት ጋርም ጽፎ ከዕቃው ጋር ያኑር።